እንግዶቹ ሊጠይቁ የመጡት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የአጥቢያችን ምእመናንና ምእመናት፣ የዛሬው ትምህርታችን ከሩቅ አይነሣም፤ ከገዛ ጽሕፈት ቤታችን ይነሣል።

ብፁዕ አባታችን ከሌሎች እንግዶች ጋር ሊጎበኙን ነው ከተባለ ወዲህ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤቱን ሲያሳድስ ሰንብቷል። ግድግዳው ተቀባ፤ ኮርኒሱ ተሠራ፤ የተሰባበሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ወጥተው ነጭ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛና አዲስ መጋረጃ ገባ። ይህን ያሰቡት የኮሚቴ ወንድሞች ብቻ አይደሉም። እኛ ካህናቱም «እንግዶቹ ምን ይሉናል?» ብለን ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመናል። ስለዚህ የምንናገረው በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም።

ማደሱ በራሱ ነውር የለበትም። አባት ሲመጣ ቤት መጥረግ፣ ምንጣፍ ማንጠፍ የቆየ ሥርዓታችን ነው። በቀትር ፀሐይ ከድንኳኑ ደጅ ሮጦ እንግዳ የተቀበለ የአብርሃም ልጆች ነን (ዘፍ. 18)። ያ ክፍል ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መታደስ ነበረበት፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ውኃ ያዝል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ጥጉ ላይ ነው። በዚያ ጥግ የእኅቶቻችን ሻንጣዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከማዳሟ ቤት የወጣችው፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ትኬት የምትጠብቀው፣ ማደሪያ ያላገኘችው፣ «አባ፣ ለጊዜው እዚህ ትቀመጥልኝ» እያሉ የተዉአቸው ናቸው። በአንዳንዱ ላይ ስም በወረቀት ተለጥፏል፤ አንዱ ዚፑ ተበላሽቶ በነጠላ ታስሯል። ሶፋው ሲገባ እነዚህ ወጥተው ደረጃ ሥር ተደረደሩ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው» አልን።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅት መጣች። መስቀል ተሳልማ ደጁ ላይ ቆመች። «ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ» አልናት። ሶፋውን አየችና ጫማዋን አወለቀች፤ ግን አልተቀመጠችም። «ይቆሽሻል አባ፤ እቆማለሁ» አለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሶፋ ስትወለውል የምትውል ልጅ ናት። ነጭ ሶፋ ለእርሷ የሚያጸዱት እንጂ የሚቀመጡበት አይደለም። በዚያ ላይ መጋረጃ የሚሰቅለው ሠራተኛ መሰላሉን ዘርግቶ ይጠብቀናል። እኛም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ «ዛሬ ሥራ በዝቶብናል፤ ሳምንት ብትመጪስ?» አልናት። «እሺ አባ» ብላ፣ በነጠላ የታሰረውን ሻንጣ ከደረጃ ሥር ፈልጋ ይዛ ሄደች። አንዲት ዘማሪት የነገረችን ከሄደች በኋላ ነው፤ ያቺ ልጅ እረፍት የምትወጣው በወር አንድ ቀን ነው። የሚመጣ ሳምንት የላትም። ምን ልትነግረን እንደመጣች እስከ ዛሬ አናውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልባችን ያልጠፋው የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክ ነው (2ኛ ነገ. 20፤ ኢሳ. 39)። ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ልቅሶውን ሰምቶ በዕድሜው 15 ዓመት ጨመረለት፤ ምልክት እንዲሆነውም ጥላው 10 ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የባቢሎን ንጉሥ መልእክተኞች ደብዳቤና እጅ መንሻ ይዘው መጡ። ሕዝቅያስ ደስ አለውና ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የከበረውን ዘይት፣ የጦር ዕቃውን ሁሉ አሳያቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ ምን እንዳዩ ሲጠይቀው፣ ያላሳያቸው ነገር እንደሌለ ተናገረ።

ይህን ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የንጉሡን መታበይ ነቅፈን እናልፋለን። ሁለተኛው ዜና መዋዕል ግን (32፥31) ሌላም ነገር ይነግረናል። መልእክተኞቹ የተላኩት በምድሪቱ ስለተደረገው ተአምር ሊጠይቁ ነበር! ሊጠይቁ የመጡት ሌላ፣ አይተው የሄዱት ሌላ። እግዚአብሔር የሚሞተውን ሰው እንዴት እንዳስነሣው ሊሰሙ የመጡ አሕዛብ የወርቁን ልክ አውቀው ተመለሱ። ሊያሳያቸው የሚገባው ፊቱን መልሶ ያለቀሰበትን ግድግዳ ነበር።

ብፁዕ አባታችንም ሶፋ ሊያዩ አይመጡም፤ ሶፋ በመንበረ ጵጵስናቸውም አለ። የሚመጡት እግዚአብሔር በዚህ በሰው ሀገር በመካከላችሁ ያደረገውን ሊሰሙ ነው። በሰው ወጥ ቤት ሥጋ እየጠበሰች ሑዳዴን በደረቅ ዳቦ የምትጾመውን፤ ልብስ እየተኮሰች፣ ስልኳን በኪሷ ደብቃ ቅዳሴ የምትሰማውን፤ የማታውቃት የሀገሯ ልጅ ሆስፒታል ተኝታለች ሲሏት ከየጓደኛዋ ገንዘብ ለቅማ የምትሮጠውን። የእኛ ተአምር ይህ ነው። እኛ ደግሞ ወስደን ደረጃ ሥር አደረግነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ለእንግዳ ስለተሰናዳ ሌላ ቤት ይነግረናል። የሱነም ሴት ባሏን አማክራ ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ክፍል አሠራች (2ኛ ነገ. 4)። ባለጠጋ ነበረች፤ ነገር ግን ያስገባችው ዕቃ አራት ብቻ ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ። መንገደኛ ይደክመዋል፤ ይርበዋል፤ ይመሽበታል። እርሱን አይታ እንጂ ራሷን ለማሳየት ያስገባችው አንድም ዕቃ የለም። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለንም ያየነው ይህንኑ ነው፤ የኔታ ቁርበቱን የሚያነጥፉት ለከበረው ሳይሆን ለደከመው ነበር። ኋላም የዚያች ሴት ልጅ በሞተ ጊዜ ወዴት ይዛው ወጣች? ወደዚያችው ክፍል። በነቢዩ አልጋ ላይ አስተኛችው። ለእንግዳ ያነጠፈችው አልጋ የገዛ ልጇ ከሞት የተነሣበት ሆነ።

ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረናል። ሻንጣዎቹ ወደ ጥጋቸው ተመልሰዋል፤ ከመጋረጃው በተረፈው ገንዘብም መደርደሪያ ይሠራላቸዋል። ሶፋው አይወጣም፤ ገንዘባችሁ ነውና ተቀመጡበት። የሚታጠብ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ይለብሳል። «ብፁዕነታቸው ሻንጣውን አይተው ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን?» ብለው የተጨነቁ ወንድሞች አሉ። የማን እንደሆነና ለምን እዚያ እንደተቀመጠ እንነግራቸዋለን።

ያቺን እኅት የምታውቋት ካላችሁ መልእክታችንን አድርሱልን። የወሩ አንድ ቀኗ በማናቸውም ዕለት ቢውል፣ ከቅዳሴ በፊትም ይሁን በኋላ ትምጣ። መውጣት ከከለከሏትም በሌሊት ትደውል፤ ስልካችን አይዘጋም። ሻንጣዋንም መልሳ ታምጣው፤ ቦታው አልተያዘም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።