በቅዱሳን ስም ስንሰዳደብ

ወገኖቼ፣ በትእምርተ መስቀል ጀምረን በእርግማን የምንጨርስ ሕዝብ ሆነናል። ሜዳ ስንገባ እናማትባለን፤ ስናሸንፍ ተንበርክከን መሬት እንስማለን። ስንሸነፍ ግን ከአፋችን የሚወጣውን ቃል በንስሐ አባታችን ፊት ልንደግመው አንደፍርም።

መወዳደር ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሯጭና ስለ አክሊል ሲጽፍ፣ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ይደረግ የነበረውን የኢስትሚያ ውድድር ያውቁት ነበርና ምሳሌው አልከበዳቸውም። ለጢሞቴዎስ ግን አክሊል የሚገባው በሕጉ ለታገለ ብቻ መሆኑን አስጠነቀቀው። እኛ አክሊሉን ወደድን፣ ሕጉን ጣልን።

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን ቀድማ ከጨረሰች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ2004 ዓ.ም. መሠረት ደፋር በለንደን 5,000 ሜትሩን አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከጉያዋ ባወጣች ጊዜ አብረናት አለቀስን። ማልቀሳችን መልካም ነበር። ያው ዓይናችን ግን ነሐስ ይዛ የተመለሰችውን እኅት በንቀት ያያል፤ ባዶ እጇን የመጣችውንማ ማን ጠየቃት?

በእንጦጦና በሱሉልታ ጎሕ ሳይቀድ የሚሮጠውን ልጅ ዕድሜውን አሳንሰን ከታዳጊዎች ጋር ስናሰልፈው፣ አበረታች ቅመም ሲያቀብሉት አይተን እንዳላየን ስናልፍ፣ ሲያሸንፍ በእልልታ ተሸክመን ጉልበቱ ሲዝል ስንረሳው፣ የሽልማቱን ገንዘብ በደጀ ሰላም በደስታ ተቀብለን በምን መንገድ እንደተገኘ ሳንጠይቅ ስንቀር፣ ከዓመት ዓመት ኅሊናችን እየደነደነ እዚህ ደረስን። ሰረቅን። ስርቆቱን በስእለት ሸፈንነው።

የተመልካቹ በደል ከሯጩ ይከፋል። በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ወጣቶች ክለባቸውን በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ሰየሙ፤ ዛሬ የክለቡ ደጋፊና የተቀናቃኙ ደጋፊ፣ ምናልባትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሡ፣ ምናልባትም በአንድ ማኅበር ጠበል የሚቃመሱ ሆነው ሳለ፣ ስታዲየም ሲገቡ እናት ለእናት ይሰዳደባሉ፣ ድንጋይም ይወራወራሉ። በክልል ከተሞችም የክለብ ስም የብሔር ስም ሆኖ፣ ኳሱ ለጠብ ሰበብ ሆኖ፣ ጨዋታን በገለልተኛ ሜዳ እስከማድረግ የደረስንባቸው ዓመታት ነበሩ። በዚያም መካከል ጸለይን! የባላንጣችንን እግር እንዲያስርልን እግዚአብሔርን ለመንን። ለወንድማችን ውድቀት ሻማ አበራን።

በቅዳሜ ምሽት የእንግሊዝ ሊግ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አስመሽቶን የእሑድ ቅዳሴ ያልፈናል። የተጫዋቾችን ስም በቃላችን የምናውቅ፣ የልጆቻችንን የክርስትና ስም የምንረሳ አባቶች ሆነናል። የቤት ኪራዩን በውርርድ ያጣ ጎልማሳ ወደ ሚስቱ በቁጣ ይገባል። ካህኑ ይህን ያውቃል፤ ዝም አለ። ሰባኪው ዝም አለ። እኛም ብዕር የያዝነው ውጤት ስንዘግብ ኖርን እንጂ አንድ ቀን ይህ ነውር ነው አላልንም። ደግሞ እናውቅ ነበር፤ ከልጅነታችን የተማርነው ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ነው፣ ከጨዋታ ቀን በቀር የሚል አልተጨመረበትም።

እንግዲህ እንመለስ፤ ንስሐችንም የወሬ አይሁን። ዕድሜህን ያሳነስህ ወንድሜ፣ እውነቱን ተናገር፤ ያልተገባህን ሜዳልያ መልስ። አሠልጣኝ ሆይ፣ አደራ የተሰጠህን ልጅ አካል አትሽጥ። አንተ ደጋፊው፣ የሰደብኸውን ሰው ታውቀዋለህ፣ የሰፈርህ ሰው ነው፤ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ቤቱ ድረስ ሄደህ ይቅር በለኝ በለው። ካህናት አባቶቻችን፣ ስእለቱን ከመቀበላችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁን።