ስለ ቤት መጥበብና ስለ አሮጌ ዕቃ ፍቅር

የሥራ ዘመናቸውን ማብቂያ በሞጆ ደረቅ ወደብ በዕቃ አስተላላፊነት ያሳለፉ አንድ አረጋዊ ምእመን ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት አንድ ጥያቄ አቅርበውልን ነበር። ጥያቄው ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በዚህ ዘመን ለብዙዎች የሚሆን ስለ መሰለን፣ በቃል መልሰን ከምናልፈው ይልቅ በዚህ መጽሔት ልንጽፈው ወደድን። ነገሩም እንዲህ ነው። ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ከሄዱና ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ በሞጆ የነበራቸውን ሰፊ ግቢ ሸጠው በአዳማ ከተማ ከአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ያዙ። ቁም ሣጥኑን፣ ምንጣፉን፣ ድስቱንና ጋኑን ለዘመድና ለችግረኛ አከፋፈሉ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ያላወጡት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በወጣትነታቸው የገዙት አሮጌ የቮልስዋገን ኮምቢ መኪና ነው። ዝገት የበላውን ላሜራ እያስበየዱ፣ ሞተሩን እያስፈቱ፣ ከውስጡም የሚታጠፍ አልጋና ትንሽ ጠረጴዛ እያሠሩ፣ እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና ሊያደርጉት ይደክማሉ። «እንግዲህ እኔ» አሉን፣ «ዓለምን ያቃለልሁ ነኝን? ወይስ የንብረትን ፍቅር ከቤት አውጥቼ ወደ መኪና ያዛወርሁ?»

እኚህን አባት ለዚህ ጥያቄ ያበቃቸው፣ እንደሚመስለን፣ የሠሩበት ስፍራ ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ወደ ሐዋሳ ከሚወርደው የሚለይባት ከተማ ናት። ባሕር የሌላት አገራችን ከጅቡቲ የምታስመጣው ዕቃ እጅግ ብዙው በዚያ ይራገፋል። ኮንቴይነር የሚሉት፣ ርዝመቱ 6 ወይም 12 ሜትር ያህል የሆነ የብረት ሣጥን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይታያል። የስፍራው ሕግ ለነፍስ ትምህርት የሚሆን ነው፤ ዕቃ ወደዚያ የሚገባው ሊወጣ እንጂ ሊኖር አይደለምና። ከተፈቀደለት ቀን አልፎ የተቀመጠ እንደ ሆነ የማቆያ ክፍያ ይቈጠርበታል፤ ጨርሶ ሳይነሣ የቀረውም ባለቤቱ እንደ ተወው ተቈጥሮ ለመንግሥት ይሆናል። ለማቆያ የሚከፈለው ወደ ዕቃው ዋጋ ሲጠጋ ያዩ ሰው፣ ማታ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ጓዳቸውን በሌላ ዓይን ቢመለከቱት አያስደንቅም። እኛስ ማንም ሳይጠቀምበት በየጓዳችን የተቀመጠ ስንት ዕቃ አለን? ክፍያውን የሚጠይቀን ስለሌለ ነው እንጂ፣ በሐሳብ፣ በጥበቃ፣ ኋላም በወራሾች ጠብ ስንከፍለው እንኖራለን።

ነገር ግን ቤትን ማሳነስ ሁሉ ምናኔ አይደለም። ከሞጆ ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ የዝቋላ ተራራ ይታያል። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤት ሳይሠሩ፣ ልብስ ሳይለብሱ፣ ሰውነታቸው በጠጕር ተሸፍኖ ከአናብስትና ከአናምርት ጋር እንደ ኖሩ ገድላቸው ይነግረናል። ምናኔ ማለት ይህ ነው፤ ጻድቁ ትልቁን ቤት ትተው ትንሹን አልመረጡም። የዛሬው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱን የሚያሳንሰው ኑሮ ስለ ከበደው፣ ጉልበቱ ስለ ደከመ፣ ልጆቹም ስለ ራቁት ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ዳሩ ግን ስለ ችግር ያደረግነውን ስለ ጽድቅ አደረግነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። በአውሮፓና በአሜሪካም ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች ትልቁን ቤት እየሸጡ በጠባብ ቤት መኖርን፣ በመኪና ውስጥ እያደሩም አገር ማየትን ልማድ አድርገውታል። ይህንም ነፃነት ይሉታል፤ ነፃ የሚወጡት ከማን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ጥያቄው ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ይመስለናል። ቤታችንን ባሳነስን ጊዜ የማንን ስፍራ ቀነስን? የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በአገራችን የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ ነው፤ የባለቤትነቱም ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ተደንግጓል። ሲታሰብ ነዋሪው ከግቢ የመጣ መሆኑ አልተዘነጋም ነበር፤ ስለዚህ ከመኖሪያው ሕንፃ አጠገብ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት አብሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን በአንዳንድ ስፍራ ይህ ቤት ተቈልፎ፣ አለዚያም ለሌላ ጥቅም ተከራይቶ ይገኛል። ይህን ስናይ እናዝናለን፤ የጠፋው አንድ ክፍል ቤት ብቻ አይደለምና። በግቢ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ይተከላል፤ የጽዋ ማኅበርተኛው በዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ለሕክምና ከገጠር የመጣ ዘመድ ወር ሙሉ ቢቀመጥ ማንም አይጨነቅም። በማለዳ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ከአጥሩ በር ቆሞ ድምፁን ያሰማል። ያ ድምፅ አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ ሊወጣ ቢሞክርም ዘበኛው ይመልሰዋል። እንግዲህ እኚህ አባት ቁም ሣጥኑን ሲሰጡ መልካም አደረጉ፤ ከቁም ሣጥኑ ጋር ግን ተማሪውና ጽዋው አብረው ወጥተዋል፤ ይህንም የነገሩን ጠይቀናቸው ነው እንጂ በራሳቸው አላነሡትም።

የጠበበው ቤት ያሳዝናል፤ ይህም ኃጢአት አይደለም። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ ሦስት እንደ ተጻፈው፣ ከምርኮ የተመለሱት የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት በጣሉ ጊዜ፣ ሕዝቡ በደስታ ሲጮኽ የፊተኛውን ያዩ ሽማግሎች አለቀሱ። መጽሐፍ ስለ ልቅሷቸው አልነቀፋቸውም። መታደስ ያለበት ሥራ ግን በልቅሷቸው አልቆመም።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ይህ ዓይነት መኪና በጀርመን አገር መሠራት የጀመረው እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1950፣ የመጨረሻው የተሠራውም በብራዚል በ2013 ነው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በነፋስ እንጂ በውኃ የማይቀዘቅዝ ስለ ነበር፣ በቈላ አገር ራዲያተር ፈላ ብሎ የሚያስቆም ነገር የለበትም። በአገራችን አሮጌ መኪና ሳይጣል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ መኖሩ ከድኽነትም ከጥበብም የመጣ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ ወዲህ ደግሞ፣ ቀድሞ የገባውን መጠገን ከመቼውም የበለጠ ግድ ሆኗል። ስለ ቮልስዋገን ካነሣን፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበርን ሁላችን እናስታውሳለን። ቤትን የሚያሳንሰው ሁልጊዜ ባለቤቱ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሮጌውን መጠገን በራሱ ከስስት የሚቈጠር አይደለም፤ ስስት በእጅ የሌለውን ይመኛልና፣ የሚጠግን ግን በእጁ ስላለው ያመሰግናል። ነህምያም የፈረሰውን ቅጥር ጠገነ እንጂ ሌላ ከተማ አልተመኘም። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ሰው መኪናውን ሲያድስ ወጣትነቱን የሚያድስ እየመሰለው እንደ ሎጥ ሚስት ወደ ኋላ ሊመለከት ይችላል። ከዚህም የከፋውን ከእኚሁ አባት አፍ ሰማን። ለፊት መብራቱ ከውጭ አገር የተገኘ መለዋወጫ ሲገዙ የተጠየቁትን ሳይከራከሩ እንደ ከፈሉ፣ ላሜራውን ሦስት ሳምንት በፀሐይ ላይ ተንበርክኮ የበየደውን ወጣት ግን ከተስማሙበት ዋጋ ላይ እንዳስቀነሱት፣ እንደ ቀልድ አድርገው አጫወቱን። እኛም ከዚያ ላይ አስቆምናቸው። ስለ ብረቱ ሲጨነቁ የከረሙበት ኃጢአት በብረቱ ላይ አልነበረም፤ በዚያ ልጅ ደመወዝ ላይ ነበር። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ በማግሥቱም ወደ ጋራዡ ሄደው የቀረውን እንደ ከፈሉ ነገሩን።

መኪናውን ይሽጡት አላልናቸውም። ሊሸጡት ቢወዱ ከልካይ የለባቸውም፤ ነገር ግን በመሸጥ ብቻ ልብ ነፃ አይወጣም፤ ገንዘቡም ዕቃ ነውና። የጠየቅናቸው መኪናው ስንት ሰው እንደሚይዝ ነው። ቀድሞ እስከ ዘጠኝ ሰው ይይዝ እንደ ነበር፣ አሁን ግን አልጋው እንዲገባ የኋላው መቀመጫ እንደሚነቀልና ለሁለት ሰው ብቻ እንደሚሆን ነገሩን። ሁለተኛው ሰው ማን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው መልስ አጡ። በሞጆ የቀሩት የቀድሞ የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተጋፍተው ወደ አዳማ መምጣት ስላቃታቸው፣ እኚህ አባት ቤት ከቀየሩ ወዲህ ተራቸውን አላወጡም።

አባታችን አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለው በድንኳን ሳለ እንደ ሆነ አስታወስናቸው። ከዚያ ወዲህ የሕንፃውን ማኅበር ጸሐፊ አነጋግረው፣ በተራቸው ቀን የጋራው ቤት እንዲከፈትላቸው ቁልፉን ለምነዋል፤ ጸሐፊውም ቀድሞ ከውስጥ የተከማቸው ሲሚንቶ ይነሣ ብሏል። የኋላውን መቀመጫ ግን ገና አልወሰኑም። ለአልጋው የተቈረጠው እንጨት፣ ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ፣ ከጋራዡ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ቆመ ነው።