ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

መሐሪ መሆን የሚቀልለው መቼ እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የተበደለው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። ገንዘቡ የተወሰደው ከጎረቤታችን ኪስ ከሆነ «ተወው፣ ይቅር በለው» ለማለት አፋችን ፈጣን ነው። በኅብረታችሁ ተቀምጣችሁ እንድትነጋገሩበት ስለ አንድ አሜሪካዊ አሰልጣኝ ላውጋችሁ። ኳስ የማትወዱም ታገሡኝ፤ ነገሩ ከሜዳው ያልፋል።

ሰውየው ቶም ኦዝቦርን ይባላል። በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኔብራስካ ግዛት ተወለደ። የተጫወተው ኳስ እኛ የምናውቀው አይደለም፤ በእጅ የሚያዘው፣ ሞላላው፣ ተጫዋቾች የራስ ቁር አድርገው የሚላተሙበት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በ1960 እና በ1961 በዋሽንግተን ቡድን ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበር፤ ኮከብ ግን አልሆነም። ጫማውን ሰቅሎ ወደ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሄደና በትምህርት ሥነ ልቦና እስከ ዶክትሬት ተማረ። ጎን ለጎንም ለዋናው አሰልጣኝ ለቦብ ዴቫኒ ረዳት ልሁን ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው ሥራ ደመወዝ አልነበረውም። ሥነ ሥርዓት ያስቸገሩ ተጫዋቾች በሚያድሩበት ማደሪያ አብሯቸው እየኖረ እንዲቆጣጠራቸው፣ በምላሹም ምግቡን እንዲበላ ብቻ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ። የአሰልጣኝነት ሕይወቱ የጀመረው ሌላው ሰው ከሰለቻቸው ልጆች ጋር ነው።

በ1973 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። 25 ዓመት ሠርቶ 255 ጨዋታ አሸነፈ። ክርስቲያን መሆኑን የማይደብቅ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው እንደ ነበር የሚያውቁት ይናገራሉ። ከእነዚያ ዓመታት ሁለት ውሳኔዎችን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው ጥር 2 ቀን 1984 ማያሚ ከተማ ውስጥ ነው። ኔብራስካ ዓመቱን ሙሉ አልተሸነፈም። የመጨረሻው ጨዋታ ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር፤ ሊያልቅ 48 ሴኮንድ ሲቀረው ኔብራስካ አስቆጥሮ ውጤቱን 31 ለ 30 አደረሰው። በዚህ ጨዋታ ሕግ ካስቆጠርክ በኋላ ምርጫ አለህ። ኳሱን በእግር መትተህ በምሰሶዎቹ መካከል ብታሳልፍ 1 ነጥብ ታገኛለህ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይሳት ነው። ወይም ኳሱን እንደ ገና ወደ መስመሩ ማዶ ለማድረስ ትሞክርና ቢሳካ 2 ታገኛለህ። በዚያን ጊዜ ጭማሪ ሰዓት አልነበረም። ሻምፒዮኑም በድምፅ ይመረጥ ስለ ነበር ኔብራስካ አቻ ቢወጣ እንኳ ዋንጫውን እንደሚወስድ አብዛኛው ሰው ያምን ነበር። ኦዝቦርን 2 ነጥብ እንዲሞክሩ አዘዘ። ቴርነር ጊል ወረወረ፤ የማያሚ ተከላካይ ኳሱን በጣቱ ነካው፤ አለቀ። ኔብራስካ ተሸነፈ። ኦዝቦርን የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማግኘት ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ጠበቀ።

ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በክብር ይነገርለታል፤ በእኔም አስተያየት ተገቢ ነው። «ሻምፒዮን ልንባል የመጣነው አሸንፈን ነው» ያለ ያህል ነው። ነገር ግን ክብሩ ከየት እንደ መጣ ልብ በሉ። ኳሱ ስለ ሳተ አይደለም፤ ቢሳካም ውሳኔው ያው ነበር። ክብሩ የመጣው ዋጋው በራሱ ላይ እንደሚወድቅ እያወቀ ስለ ወሰነ ነው። በእርሱና በተጫዋቾቹ ላይ ማለቴ ነው፤ ተጫዋቾቹም ውሳኔውን ደግፈዋል። ሜዳው ላይ ያልነበረ ሰው ምንም አልተቀማም።

ሁለተኛው ውሳኔ እንዲህ አይደለም።

በመስከረም 1995 ሎውረንስ ፊሊፕስ የተባለ የቡድኑ ምርጥ ሯጭ በሌሊት ወደ አንድ አፓርታማ ገብቶ የቀድሞ ጓደኛውን ደበደባት፤ በደረጃም ላይ ጎትቶ አወረዳት። እርሷም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ኦዝቦርን ወዲያው ከቡድኑ አገደው። ከስድስት ጨዋታ በኋላ ግን መለሰው። በጥር 1996 ኔብራስካ ፍሎሪዳን 62 ለ 24 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ፊሊፕስ ሜዳ ላይ ነበር።

ብዙዎች «ዋንጫ ፈልጎ ነው» አሉ። እኔ ይህን ክስ ለመቀበል እቸገራለሁ። ኔብራስካ ያለ ፊሊፕስም የተጫወተውን ሁሉ አሸንፏል፤ ልጁ ባይመለስም ቡድኑ የሚንገዳገድ አይመስልም ነበር። የልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ቢሆንም የኦዝቦርን ምክንያት ሌላ እንደ ነበር አምናለሁ። ፊሊፕስ በካሊፎርኒያ ያደገው ቤተሰብ ለሌላቸው ልጆች በሚሆን የማሳደጊያ ቤት ነው። አሰልጣኙ «ይህን ልጅ የያዘው ገመድ ኳስ ብቻ ነው፤ ብንበጥሰው ይወድቃል» ብሎ አሰበ። ሕክምና እንዲከታተል፣ ከትምህርት ገበታው እንዳይቀር ግዴታ ተጣለበት። ያን ጊዜ ማደሪያው ውስጥ ያስቸገሩትን ልጆች ይጠብቅ የነበረው ወጣት ረዳት አሁንም ያንኑ እያደረገ ነበር። አንዱን የጠፋ በግ ፍለጋ መውጣት ማለት ይህ አይደለምን?

ነው። ነገር ግን «የጠፋ በግ» ሲባል ሁልጊዜ በዳዩን ብቻ ለምን እናስባለን? በዚያ ሌሊት በደረጃው ላይ የተጎተተችው ልጅስ? እርሷም አካሏ ቆስሎ፣ ስሟ በየጋዜጣው ተነሥቶ በዚያው ግቢ ውስጥ ትማር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየሙ ውስጥ ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ለቡድኑ ይጮኻል። ውሳኔው በእጇ አልነበረም። ኦዝቦርን ጊዜውን ቢሰጠው፣ ቤቱን ቢከፍትለት፣ የሐኪሙን ቢከፍልለት፣ በየቀኑ አብሮት ቢቀመጥ፣ ያ ሁሉ የራሱ ነበርና ማንም ሊከለክለው አይችልም። ማልያው ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ነው፤ እርሷም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። እኔ ከአሰልጣኙ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ፍቅሩን አልነቅፍም። የሰጠው ነገር ግን ግማሹ የእርሷ ነበር።

ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የጻፈውን መልእክት አውጡና አንብቡት፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው። አናሲሞስ ከጌታው ቤት የጠፋ ሰው ነው፤ ጳውሎስም እንደ ልጁ ይወደዋል። ቢፈልግ ሐዋርያ ነውና አዝዞ ጉዳዩን መዝጋት ይችል ነበር። አላደረገም። ወደ ባለጉዳዩ ጻፈ፣ ለመነ፤ ዕዳ ካለም በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ ዋጋውን ወደ ራሱ አዞረ። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የሚመልሰው ለተቀሙት ሰዎች ነው።

ምናልባት «ፊሊፕስ በኋላ ምን ሆነ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በፕሮፌሽናል ቡድኖች ብዙ አልቆየም። ሌላ ሴት አጥቅቶ፣ በሌሎችም ወንጀሎች ተከስሶ ከ30 ዓመት በላይ እስር ተፈረደበት፤ በጥር 2016 በ40 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይህን የጻፍሁት አሰልጣኙ እንደ ተሳሳተ ለማስረዳት አይደለም። ልጁ ተለውጦ ጥሩ አባት ቢሆን ኖሮም ጥያቄዬ ያው ነበር። የ1984ቱን ውሳኔ በሳተው ኳስ ካልመዘንን ይህንንም በልጁ መጨረሻ አንመዝነውም። ኦዝቦርን ኳሱን ትቶ በኮንግረስ ሦስት ዘመን አገለገለ፤ በ1991 ከባለቤቱ ጋር የመሠረተው፣ ታላላቆች ተማሪዎችን የሚያማክሩበት ድርጅትም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ለወጣቶች የነበረው ልብ የታይታ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከእናንተ ሩቅ ይመስላል? እንግዲያው ወደ ራሳችን እንምጣ። በመዘምራን ውስጥ ድምፁ የሚወደድ አንድ ወንድም አለ እንበል። አንዲትን እኅት ጎዳ፤ መታት፣ ወይም ከዚያ የባሰ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አለቀሰ፤ ንስሐ ገባ፤ ሁለት ወር ከመድረክ ታገደ። ከዚያ «ጸጋው እንዳይባክን» ተባለና ማይክሮፎኑ ተመለሰለት። ቅር ያላት እንደ ሆነ ለእርሷም የሚሰጥ ምክር አለ፤ «ይቅር ማለት ግዴታሽ ነው» ይባላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረት ግን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይቀርም፤ አብሯት ገብቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ነገር፣ ወንጀል ከሆነ ጉዳዩ የፖሊስና የፍርድ ቤትም ነው፤ ሽምግልና አይተካውም። ከዚያ ወዲያ ወንድማችሁን አትጣሉት። ጠይቁት፣ አብራችሁት ጸልዩ፣ ቡና አጠጡት፣ ሥራ ካጣም ፈልጉለት። ይህ የእናንተ ነው፤ እንደ ልባችሁ ስጡት። መድረኩ ግን የእርሷም ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ይቅርታው በእርሷ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል ነው?» ትሉኛላችሁ። የእግዚአብሔር ይቅርታ በማንም ላይ አይንጠለጠልም። እኔ የምለው ስለ ማይክሮፎኑ ነው። በሚቀጥለው የኅብረት ስብሰባችሁ ይህ ጉዳይ ከተነሣ፣ «መቼ ይመለስ?» ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት፣ እርሷ የምታምናት አንዲት ታላቅ እኅት ቤቷ ሄዳ ትጠይቃት፦ እርሱ እሑድ ሲዘምር አንቺ የት ትቀመጫለሽ?