መኪናህን ከፍ ስታደርግ ፍሬንህን የት ተውከው?

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ያንን ሃይሉክስህን ይዘህ ግቢዬ ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር አሾልኮ አየህ። እኔም አየሁ። ሁለት ኢንች ከፍ ብሏል፣ ጎማው 33 ሆኗል፣ ፊቱ የብረት መከላከያ ታጥቋል፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን ተጭኗል። አሮጌውን 2.8 ሊትር ስሪ ኤል ሞተር አውርደህ ባለ ቱርቦውን 3 ሊትር ዋን ኬዜድ እንዳስገባህ ነገርከኝ። ድምፁ ያምራል፣ አልዋሽህም። ጎንበስ ብዬ በፊት ቸርኬው ቀዳዳ ሳይ ግን ያገኘሁት ያው ፋብሪካው የሰጠውን ዲስክና ካሊፐር ነው። ቀድሞ የመጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይባል የለ? ያንተም ሞተር ቀንድ አብቅሎ ፍሬኑ ጆሮ ሆኖ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑንም ላሳድገው ነው» ብለህ ከስልክህ ላይ የተበሳሳ ዲስክና ቀይ ካሊፐር አሳየኸኝ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። አሁን እንግዳው ሄዷል፤ ስማኝ።

መሪ ከመጨበጤ በፊት አራት ዓመት ረዳት ነበርኩ፤ በአሰብ መንገድ፣ በኤንትሬ ፊያት። የረዳትን ሥራ ያንተ ዘመን አያውቀውም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር በሩን ከፍቼ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ታኮ በብብቴ ይዤ ነበር የምወርደው። ከዚያ ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መንገዱ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ብርድ ለብሰህ ጀምረህ ሸሚዝህን ከፍተህ ትጨርሳለህ። አንድ ሌሊት ደብረ ሲና ሳንደርስ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሹፌሩ፣ ነፍሱን ይማር፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ዝለል!» ዘለልኩ። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ጣልኩት፤ መኪናው ታኮውን እየገፋ ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራቶ ቆመ። ታምቡሩ በጨለማው ፍም መስሎ ቀልቷል። ጀሪካኑን ይዤ ውሃ ልደፋበት ስሮጥ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና «ብረቱን ልትሰነጥቀው ነው?» አለኝ። ቁጭ ብለን አነጋን። ያን ሌሊት ቤቱ ቶሎ ለመግባት ብሎ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ ነበር የጀመረው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ስለ ራሱ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ጣርማ በርን በወጣበት ማርሽ ነው የወረደው።

ይህን የማወራህ ላስፈራራህ አይደለም። ፍሬን ማለት ሙቀት ማለት እንደሆነ እንድታውቅ ነው። መኪና ሲቆም ጉልበቱ አይጠፋም፤ እሳት ሆኖ ወደ ብረቱ ይገባል። አንተ ደግሞ ባህር ዳር የምትመላለስ ሰው ነህ፤ አባይ በረሃ ቤትህ ሆኗል። ዕቃህንና ሰዎችህን ጨምሮ መኪናህ 2.5 ቶን ይመዝናል እንበል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። በማርሽ ሳትይዘው በፍሬን ብቻ ብትወርድ ዲስኮችህና ታምቡሮችህ የሚሸከሙት ሙቀት አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ጥቂት ቢጎድለው ነው። ያን ሁሉ በአራት የብረት ቁራጭ ላይ!

ጎማውም አለ። ድሮ 29 ኢንች ገደማ የነበረው 33 ሲሆን ፍሬኑ ያው ሆኖ ሳለ ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ከመቶ 12 ያህል ይቀንሳል፤ ረጅም እጀታ ያለውን ነገር በአጭር ክንድ እንደመያዝ ነው። ከዚህ የባሰው የፍጥነት ቆጣሪህ ነው። ካላስተካከልከው 80 ሲልህ አንተ 91 ላይ ነህ። የመሸከም ነገር ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። 80 መስሎህ 91 ስትሄድ ከመቶ 30 የሚጠጋ ተጨማሪ ሸክም ሳታውቀው ጭነህበታል።

አሁን ወደ ቀዩ ካሊፐርህ ልምጣ። አልመጣሁም፤ ገና ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ከዘይቱ ነው የምንጀምረው።

የፍሬን ዘይትህን መቼ ቀየርከው? ሞተሩን ስትቀይር ልብ አላልከውም፣ አውቃለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ወደ 4 ከመቶ የሚጠጋ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን አንዱ 140፣ ሌላው 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይደለም፣ ሲጫኑት ይጨመቃል። እግርህ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይሰማህም። ሰው «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ብዙ ጊዜ ምንም ነገር ሳይበጠስ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ መካኒኩም ጠዋት መጥቶ ረግጦት «ምንም የለውም» ይላል።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ሁለቱን አትቀላቅላቸው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው እምቢ ካለህ ዘይቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሸራው ከሚችለው በላይ ግሎ መያዝ አቅቶት ነው። አንዱ መፍትሔው ዘይት ነው፣ ሌላው የተሻለ ሸራና ወፍራም ዲስክ። ምልክቱን ያልለየ ሰው ለራስ ምታት የሆድ መድኃኒት ይገዛል።

ስለዚህ ዶት 4 ግዛ፣ ጣሳው ያልተከፈተ ይሁን። በየሁለት ዓመቱ ቀይር። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ጠብ እንዳትልበት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ይበላቸዋል። ዶት 5 የሚባለውም ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ እንዳይመስልህ፤ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች። አንተ መኪናውን ከፍ ስታደርግ የጎማ ቱቦዎቹን ማን አስረዘመልህ? ቆሞ ስታየው ደህና ይመስላል። በክሪክ አንስተህ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ግን ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ታገኘዋለህ። ጎርፍ በቆፈረው መንገድ አንድ ጎማህ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል የሚሆነው ይህ ነው። ረዘም ያለ ቱቦ፣ ቢቻል በብረት ሽቦ የተጠለፈውን፣ አስገባ። ርካሽ ነው፤ ከቀዩ ካሊፐር ጋር አይነጻጸርም።

ይህን ደግሞ ብዙ መካኒክ ይረሳዋል፣ አንተ አትርሳው። ከኋላ፣ ከሻንሲው ላይ፣ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች አንዲት ቫልቭ አለች። ሥራዋ የጭነቱን መጠን ማወቅ ነው። ስትጭን መኪናው ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘንጉ ይነሳል፣ ቫልቯም ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ፍሬን ትሰጣለች። ባዶ ስትሆን ትቀንሳለች፤ አለበለዚያ ባዶው ጀርባ በዝናብ ቀን ተቆልፎ መኪናውን ያዞርብሃል። ባሌስትራውን ከፍ አድርገህ ዘንጉን ካላስተካከልክ ቫልቯ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ታስባለች። አንተ 500 ኪሎ ጭነህ አባይን ስትወርድ እሷ «ባዶ ነው» እያለች የኋላውን ፍሬን ትከለክልሃለች። የፊቱ ብቻውን ይቃጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መኪናው ከፍ ባለበት ልክ መያዣዋን ማስተካከል፣ ከዚያም ሰው በሌለበት ቦታ ባዶና ጭነት ሆኖ መሞከር። አንድ ጓደኛህ «ነቅለን እንጣላት» ያለውን ሰምቻለሁ። አትስማው።

ሰርቮውንም አትርሳ። የዲዝል ሞተር አየሩን የሚመጥለት የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ በብዙ አሮጌ የቶዮታ ዲዝሎች ከዲናሞው ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ሞተር ሲቀየር የዚህ ፓምፕ ቱቦ ተሳስቶ ወይም ላልቶ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሰርቮው እግርህን የሚያግዝህ በዚያው አየር ስለሆነ ከፋብሪካው አገር ያነሰ ያግዝሃል። ሙከራው ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አጥፋ፣ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፣ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ሰርቮው አብሮህ እየሠራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ ካሊፐር እንነጋገር። እኔ ብሆን ከዚያው ከቶዮታ ቤት ከበድ ያለውን ወንድሙን እፈልጋለሁ። የባለ ስድስት ሲሊንደሩ ፎር ራነር የፊት ካሊፐር ፒስቶኖቹ ከአሮጌው ሃይሉክስ ይበልጣሉ፤ ሰዎች በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ሠርተውበታል። መግጠሙንና ከዲስኩ ውፍረት ጋር መስማማቱን ሳታረጋግጥ ግን ገንዘብ አትስጥ። ትልቅ ፒስቶን ብዙ ዘይት ይጠጣል፤ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ትንሽ ሆኖ ከቀረ ፔዳሉ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ነው የሚሠራው፤ ፖምፓው፣ ካሊፐሩ፣ ዲስኩና ሸራው ካልተስማሙ አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል።

የተበሳሳውን ዲስክ ተወው። ለዐይን ያምራል፤ ጭነት በሚሸከም መኪና ላይ ግን ከቀዳዳዎቹ ጀምሮ ሲሰነጠቅ ታየዋለህ። አንተ የሚያስፈልግህ ብዙ ብረትና በመካከሉ አየር የሚያሳልፍ ወፍራም ዲስክ ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲስክ ስትገዛ ማይክሮሜትር ያለው ሰው ይዘህ ሂድ፤ ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾበታል። ከዚያ በታች የሆነውን ቶርኖ ቤት ወስዶ መላጨት ቀጭኑን ማቅጠን ነው። ሸራም ስትገዛ ካርቶኑን ሳይሆን ሻጩን እመን፤ ካርቶን የትም ይታተማል። የኋላውን ታምቡር ወደ ዲስክ ልቀይር ያልከውን አሁን አልደግፍህም። ታምቡሩ ጤነኛ ከሆነ ሥራውን ይሠራል፣ የእጅ ፍሬኑንም ደህና አድርጎ ይይዛል።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። የመጀመሪያው ባላ ፍሬኑ ነው፤ ሁለተኛው ማርሹ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በፎሌ መውረድ እንዳይለምድብህ። ቦሎ ስታሳድስ ፍሬንህ አለፈ ብለህም አትኩራራ፤ የተፈተሸው ባዶ መኪና ላይ፣ ሳይግል ነው። አባይ በረሃ ሲፈትሽህ ጭነትህን ይዞ፣ እሳት ለብሶ ነው።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ በዚያው ቀን ቁልቁለት አትግባ። ሰው በሌለበት መንገድ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ በመጠኑ ቀንስ፣ በየመካከሉ አየር አስመታው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትቁም። ሲጨርስ ሳትረግጠው ነድተህ አቀዝቅዘው። እንደጋለ ቆመህ እግርህን ከጫንክበት ሸራው ዲስኩ ላይ ይታተምና ሁልጊዜ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል።

ቅዳሜ ጠዋት ና፤ ከቱቦዎቹ እንጀምራለን። አየሩን ስናስወጣ ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምረን ነው፣ ያቺንም የኋላ ቫልቭ ሳንዘነጋ፤ ፔዳሉን አንተ ትረግጣለህ፣ ከሥር እኔ እሆናለሁ። ክሪክና ታኮ እኔ ዘንድ አለ። ያልተከፈተ ዶት 4 ሁለት ጣሳ ይዘህ ና፣ ለቀዩ ካሊፐር ግን እስከዚያ ድረስ ቀብድ እንዳትከፍል።