ለሁሉ አንድ ዐይነት መስጠት ፍትሕ ነውን?

በአገራችን ልማድ ማዕድ የኅብረት ምልክት ነው። በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ከአንድ እንጀራ ይቈርሳሉ፥ ከአንድ ወጥ ያጠቅሳሉ፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ግን ወይ ስስታም ወይ የተጣላ ይመስላል። ልጆቻችንንም ገና ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የምናስተምራቸው ያገኙትን እኩል እንዲካፈሉ ነው። ይህ ትምህርት መልካም መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከዚሁ ከመልካሙ ልማድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፥ ለሁሉ አንድ ዐይነት ነገር መስጠት ሁልጊዜ ፍትሕ ነውን? ለብዙዎች ሕይወት የሆነው ምግብ አንዱን የሚጎዳው ሆኖ ሲገኝ፥ ማዕዱ ስለ ብዙዎቹ እንዳለ ይቀጥል ወይስ ስለ አንዱ ይለወጥ?

ጥያቄው ሙሉ ጓዳ ባለበት ቤት ቀላል ይመስላል። ስለዚህ ማዕዱ በጠበበበትና ምርጫው ባነሰበት ስፍራ ልንመረምረው ወደድን። ይህም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ የሚታወቀው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። የቃሊቲን ስም የሰማ ሰው ሁሉ የተፈረደባቸውን ሰዎች ያስባል፤ በሴቶቹ ክልል ከእናቶቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ሕፃናት ሲያድጉ መኖራቸውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በዋና ከተማችን የነበረው የቀድሞው ወኅኒ ቤት «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር፤ እርሱ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ያ ስም ከዓለም ለተለየ እስረኛ ይስማማው ይሆናል፤ ዓለምን ገና ላልጀመረ ሕፃን ግን እንዴት ይስማማዋል?

ሕግም ቢሆን ይህን ልዩነት አልዘነጋም። የፌዴራል ታራሚዎችን አያያዝ የሚመለከተው ደንብ ቍጥር 138/1999፥ ዕድሜው ከ18 ወር ያልበለጠና የእናቱ የቅርብ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቈይ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ሕፃናትን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ቀድሞ እንዲታሰብ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2003 ዓ.ም. ስለ ሴቶች ታራሚዎች ባጸደቀው፥ የባንኮክ ደንቦች በሚባለው ሰነድ፥ ከእናታቸው ጋር በማረሚያ ቤት የሚኖሩ ልጆች ፈጽሞ እንደ እስረኛ እንዳይቈጠሩ ወስኗል። እንግዲህ ሕፃኑ በግቢው ውስጥ አለ፤ ፍርዱ ግን የእርሱ አይደለም። ግድግዳው የእናቱ ሊሆን ይችላል፤ ገበታው ግን የእርሱ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ምግቡ ነገር እንምጣ። ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለ። ይህን ሕመም የሚያስነሣው በስንዴና በገብስ እንዲሁም ሬይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ግሉተን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ለሕመሙ በተፈጥሮው የተጋለጠ ሰው ይህን ሲመገብ፥ ሰውነቱን ሊጠብቅ የተሠራው ኀይል በገዛ ቀጭን አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ ምግብን የሚመጥጡት ጥቃቅን ጸጕር መሰል ክፍሎችም ይጎዳሉ። ከዚህ የተነሣ ሕፃኑ እየበላ ይራባል። ሆዱ ይነፋል፥ ተቅማጥ ይመላለስበታል፥ እጅና እግሩ ይቀጥናል፥ ዕድገቱ ይገታል፥ ጠባዩም ይለወጥና ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ይመስላል። መድኀኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው።

የዚህ ሕመም ምክንያት የታወቀበት መንገድ ራሱ የሚያስተምር ነው። ምልክቶቹን የጥንት ሐኪሞች ያውቋቸው ነበር፤ የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ጽፎባቸዋል። ምክንያቱን አጥርቶ የገለጠው ግን ቪለም ካሬል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ብርድ ወራት፥ ሆላንድ በታላቅ ረኃብ ተመታች፤ ዳቦ ጠፋ። ሕዝቡ ሲጎሳቈል በዚህ ሕመም የተያዙት ሕፃናት ግን ተሻላቸው፤ ዳቦ በተመለሰ ጊዜ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ይህም ዲከ አስቀድሞ ይጠረጥረው የነበረውን አጸናለት፤ በ1950 ባቀረበው የምርምር ጽሑፍም የስንዴን ጎጂነት አስረዳ። ለተራበ ሰው ዳቦ መስጠት የምሕረት ሥራ ነው፤ ሰጪውም በደል የለበትም። ሆኖም ለእነዚያ ሕፃናት የምሕረቱ ዳቦ ሕመም ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፥ ስጦታን መልካም የሚያደርገው የሰጪው ቅን አሳብ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ተቀባዩንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ይዘን ወደ ቃሊቲ እንመለስና አንዲት እናት እናስብ። ለምሳሌ ያህል ያቀረብናት ናትና ስም አንሰጣትም። ልጅዋ እስከ ስድስት ወር በጡት ወተት ደኅና አደገ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ሕፃን ሁሉ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ በማረሚያ ቤት ደግሞ የተለመደው ቍርስ ዳቦና ሻይ ነው። እርስዋም ዳቦውን በሻይ አርሳ ታጎርሰዋለች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሕፃኑ ስንዴና ገብስ መብላት ከጀመረ በኋላ፥ በሁለተኛው ዓመቱ ገደማ ነው። ደንቡ ከእናቱ ጋር እንዲቈይ የፈቀደለት ዘመንም ይኸው ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ከስንዴ ጋር የሚተዋወቀውም ሕመሙ የሚጀምረውም በግቢው ውስጥ ይሆናል።

ሆዱ መነፋት ሲጀምር አንዷ «ወስፋት ነው» ትላለች፤ ሁለተኛይቱ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ትላለች፤ ሦስተኛይቱ ምናልባት እናቲቱ የልጅዋን ድርሻ የምትበላ መስሏት በልብዋ ትፈርድባታለች። እናቲቱ ደግሞ የከሳ ልጅ መብላት አለበት ብላ የራስዋን ዳቦ ትጨምርለታለች። እንዲህ ሆኖ ፍቅርዋ በጨመረ ቍጥር ሕመሙ ይጨምራል። በዚህ ሁሉ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ይወዱታል። የጐደለው ፍቅር ሳይሆን ዕውቀት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ ሳይፈርዱ መመርመር ነው። ሕመሙ በደም ምርመራና ከቀጭኑ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ይታወቃል። ሐኪም ሳያይ አስቀድሞ ስንዴን ማቋረጥ ምርመራውን ያሳስታልና ይህን ማድረግ አይገባም። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ግን ማዕዱ መለወጥ አለበት። በዚህ ረገድ አገራችን የተባረከች ናት። ጤፍ ግሉተን የለበትም፤ በቆሎ፥ ማሽላ፥ ሩዝ፥ ድንች፥ የእንሰት ቡላና ቆጮ፥ ምስር፥ ሽምብራና አተር፥ እንቍላልና ወተትም እንዲሁ። ለሌላው አገር ሕፃን ከልዩ መደብር በውድ ዋጋ የሚገዛለት ምግብ ለእኛ የዕለት እንጀራችን ነው። የሚከለከሉትም የታወቁ ናቸው፤ ዳቦ፥ የስንዴ ቂጣ፥ የገብስ ገንፎ፥ በሶ፥ የገብስ ቆሎ፥ የስንዴ ቅንጬ፥ ፓስታና ማካሮኒ።

አስቸጋሪው ግን የተሰወረው ነው። ጤፍ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ሲፈጭ ይበከላል። ዋጋው እንዲቀንስ ብለው ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የቀላቀሉት እንጀራ በመልኩ ከንጹሑ ጤፍ እንጀራ ብዙ አይለይም። ዳቦ የቈረሰ እጅ ሳይታጠብ ጕርሻ ያጎርሳል። የሚድኽ ሕፃን በጠባብ ክፍል ውስጥ ከወለል ላይ ፍርፋሪ አንሥቶ ወደ አፉ ይሰዳል። ስለዚህ የሕፃኑ ምግብ አስቀድሞ በንጹሕ ድስት ይሠራ፤ ማንኪያውና ሳሕኑ ለብቻው ይሁን፤ እንጀራውም ምጣዱ ከተጠረገ በኋላ ከሁሉ በፊት ይጋገር። ይህ ሥርዓት በእናቲቱ ብቻ አይጠበቅም። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ማወቅና መስማማት አለባቸው። የጋራ ክፍል ቤተ ሰብ የሚሆነው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

«ለአንድ ሕፃን ሲባል ልዩ ድስት መጣድ ለሌላው አድልዎ ነው፤ ለአንዱ ብናደርግ ሁሉም ይጠይቃል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባውም፤ ራሽኑ የተቈጠረ፥ ጤፍም ከስንዴ የተወደደ ነውና። ነገር ግን ዳቦ ለሰው የሚሰጠው ለምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ሰውነቱ እንዲጠነክርበት አይደለምን? ለዘጠና ዘጠኝ ሰዎች ዳቦው ይህን ያደርጋል፤ ለአንዱ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። እንግዲህ ለሁሉ ዳቦ የሚያድል እጅ በእርግጥ እኩል አልሰጠም፤ ለዘጠና ዘጠኙ ምግብ፥ ለአንዱ ሕመም ሰጥቷል። ለዚያ ሕፃን የጤፍ እንጀራ የሚሰጠው እጅ ግን ብልጫ አልሰጠውም፤ ሌሎቹ ያገኙትን ያንኑ ምግብነት ሰጠው እንጂ። እኩልነት በሚዛን ላይ በሚቀመጠው ብቻ አይለካም፤ በተቀባዩ ዘንድ በሚሠራው ሥራም ይለካል። አምሮትን ከግድ ነገር ለመለየትም ይኸው መለኪያ ይበቃል፤ ቢቀርበት የማይጎዳውን የሚጠይቅ ሰው ተራውን ይጠብቅ፥ ካልተለወጠለት የሚጎዳው ግን ቅድሚያ ይኑረው።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሐዋርያት ዘመን በዕለቱ ምግብ አሰጣጥ መበለቶች ተዘነጉ ተብሎ ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፥ ሐዋርያት ያጕረመረሙትን አልገሠጹም፤ የምግቡን ነገር የሚጠብቁ ሰባት ሰዎችን በሕዝቡ አስመርጠው ሾሙ እንጂ። የዲቍና አገልግሎት ከማዕድ ጕድለት ጋር ተያይዞ የተጀመረ መሆኑን ልናስተውል ይገባል። የተዘነጋ ድርሻ ጥቃቅን ነገር ተብሎ አልታለፈም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር ግን ይቀራል። ማረሚያ ቤቱ ተስማሚውን ምግብ ሊያዘጋጅ ባይችል፥ እናቲቱ ምን ታድርግ? ልጅዋን ከእቅፍዋ አውጥታ በውጭ ላሉ ዘመዶች ትስጥ ወይስ ከእርስዋ ጋር ይኑር? ብታስወጣው ጡትዋንና ድምፅዋን ያጣል፤ ብታስቀረው በየቀኑ በሕመም ያድጋል። እኛ በዚህ ላይ ከሩቅ ሆነን ፍርድ ልንሰጥ አንደፍርም። ይህን ያህል ግን እንላለን፤ ለልጅዋ ጤና ብላ የሰጠችው እናት ልጅዋን ጣለች አይባልም፤ ማሳደግ ማለት አጠገብ ማኖር ብቻ አይደለምና። ደግሞም በአንድ ቍራሽ ተስማሚ እንጀራ ጕድለት ምክንያት እናትና ልጅ ከተለያዩ፥ ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን ማድረግ ሲቻለን ያላደረግን የሁላችን ነው። አንድ ቍና ንጹሕ ጤፍ የሚከለክለው መለያየት ፍርድ ቤት ያልወሰነው ተጨማሪ ቅጣት ነው።

እንግዲህ ሥራው ለእያንዳንዳችን ይደርሳል። ለታራሚ ስንቅ የምናቀብል ሰዎች፥ ደስ ያለንን ከመያዛችን በፊት «ለሕፃኑ የሚስማማው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ይዘን ስንሄድ፥ ለማይበላው ልጅ የተለየ ንጹሕ እንጀራ ወይም ሙዝና እንቍላል ይዘን እንሂድ፤ ሌሎቹ ሲደሰቱ እርሱ ብቻ እንዳይመለከት። በየቤታችንም እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር፥ ወንድሞቹና እኅቶቹ ምክንያቱን በሚገባቸው ቃል ይነገራቸው፤ የእርሱ ሳሕን የቅጣት ወይም የቅንጦት እንዳይመስላቸው። ስለ ቅዱስ ቍርባን የሚጨነቁ ወላጆች ደግሞ ነገሩ በመጽሔት ገጽ የሚቈረጥ አይደለምና፥ የሐኪሙን ቃል ይዘው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን ስለ ተራበውና ስለ ታሰረው እንደሚጠይቀን አስተምሮናል። ከእናቱ ጋር በግቢው ያለው ሕፃን ደግሞ ሳይፈረድበት በወኅኒ የሚኖር፥ እየበላም የሚራብ ነው። ለእርሱ ልንሰጠው የሚገባን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አይደለም፤ እርሱን የማይጎዳ አንድ ጕርሻ ነው። ስለዚህ እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት እንጠይቅ፤ ጠይቀን ያወቅነውንም ሳንሰለች እንፈጽም።