በደጃፍህ ያለውን ስለ ማየት

አንባቢ ሆይ፤ ከቤትህ ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ስንት ዛፍ እንዳለ ብትጠየቅ ልትመልስ ትችላለህን? የጎረቤትህ አጥር ከምን እንደ ተሠራ፣ የክረምት ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ ታውቃለህን? በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በዓመትም ከሰባት መቶ ጊዜ በላይ የምታልፍበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ሩቅ አገር ጦርነትና ስለ ሩቅ አገር ባለጠጎች ኑሮ በስልካችን አንብበን ብዙ ልንናገር ስንችል፣ ስለዚህ አጭር መንገድ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር የለንም። ቢጠይቁንም፣ «በሰፈራችን ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?» እንላለን።

ይህ አነጋገር ምንም ጕዳት የሌለበት ይመስላል። ስለ ሰው ጠባይ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ስለ ድንጋይና ስለ አጥር መናገር ምን ይጠቅማል የሚልም ይኖራል። ዳሩ ግን በቅርብ ያለውን መናቅ ልማድ ነው፤ ልማድም እንደ ሆነ መጠን በዕቃ ላይ ተጀምሮ በዕቃ ላይ አይቆምም። ይህን ከማስረዳቴ በፊት፣ በሰፈርህ ውስጥ በእውነት የሚታይ ነገር መኖሩን ላሳይህ ይገባኛል፤ የሚታይ ነገር ከሌለ ባለማየቱ የሚወቀስ ሰው አይኖርምና።

ከእግርህ በታች ካለው ልጀምር። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ የሰፈር መንገዶች ሕዝቡ ኮብልስቶን በሚለው ጥርብ ድንጋይ ተነጥፈዋል። የኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ በወጣና እየተደራረበ በረጋ ድንጋይ የተሠራ ነው። እንግዲህ ዛሬ ጫማህን የሚያንኳኳው ጥቁር ድንጋይ አንድ ጊዜ ይፈስ ነበር ማለት ነው። ጠጋ ብለህ ብትመለከት በአንዳንዱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታገኛለህ፤ ቅልጡ ሳይረጋ በውስጡ የነበረው አየር የተወው ምልክት ነው። የእንጀራ ዓይንም የሚወጣው ከዚሁ በሚመስል ምክንያት ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር በምጣዱ ሙቀት ሲወጣ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳልና። ደግሞም በድንጋዩ ጠርዝ ላይ የመሮ ምት ይታያል። አንድ ሰው በፀሐይ ተቀምጦ፣ በዓይኑ እየለካ፣ በእጁ ጠርቦታል።

ከዚህ የበለጠ ማየት የሚወድ ሰው መብራት በጠፋበት ሌሊት አንድ ሻማ ያብራ። ማይክል ፋራዴይ የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ በ1791 እ.ኤ.አ. ከብረት ቀጥቃጭ ቤት የተወለደ፣ በወጣትነቱም ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ እየሠራ የተማረ ነበር። በኤሌክትሪክ ምርምሩ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ፣ በ1860 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን በለንደን ወጣቶችን ሊያስተምር በቆመ ጊዜ የመረጠው ነገር አንዲት ሻማ ነበረች። በእርስዋም ላይ ስድስት ትምህርት ሰጠ። ስድስት ትምህርት የሚሞላ ምን ነገር አገኘባት ብትል፣ አንዳንዱን አንተው ራስህ በቤትህ ልታየው ትችላለህ። ሰሙ በሙቀት ይቀልጣል፤ የቀለጠውም በክሩ ሽቅብ ይሳባል፤ በክሩ ጫፍ ይተንና ይነድዳል። ስለዚህ በዋናው የሚነድደው ክሩ ሳይሆን የሰሙ ተን ነው። ቀዝቃዛ ማንኪያ በነበልባሉ መካከል ብትይዝ ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ያ ጥቀርሻ በነበልባሉ ውስጥ ሳለ ግሎ ብርሃን ሲሰጥህ የነበረው ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ለጥቂት ጊዜ ደፍተህ ብትይዝ ደግሞ (እንዳይሰነጠቅ አታቆየው) በውስጡ ጭጋግ ታያለህ፤ ያም ውሃ ነው። ከእሳት ውሃ ሲወጣ አየህ ማለት ነው። ፋራዴይ በመጨረሻ ያሳየው የሻማ መንደድና የሰው መተንፈስ በአሠራራቸው እንደሚመሳሰሉ ነው፤ ሁለቱም ከአየሩ ኦክሲጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳሉና። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት በእጁ ይዞት ቆሟል።

ምናልባት፣ «የእኛ ሰው የማየት ችሎታ አላነሰውም» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር በአገራችን ይዘወር በነበረበት ዘመን፣ ገንዘቡ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የተጻፈበት ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው በዓመቱ ላይ አልተማመነም፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የሉል ነጠብጣቦች አንድ በአንድ እየቈጠረ፣ ያለቀውንና የጠፋበትን አልቀበልም ይል ነበር። ከዚህ የበለጠ አጥርቶ ማየት ከየት ይገኛል? ነገር ግን ያ ዓይን የሚሠራው ብሩ በእጁ እስካለ ድረስ ነበር። ጥቅም ያለበትን ነገር መመርመርን ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። የሰው ጠባይ የሚታወቀው ትርፍ ለማይሰጠው ነገር በሚሰጠው ዓይን ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሲያስተምር ስለ እርሾ፣ ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት፣ በቤት ውስጥ ስለ ጠፋች አንዲት ድሪም መናገሩን የሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለው ማየት ሥራ መፍታት ነው አይልም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክርክር አለ። ድንጋይን በመነጽር የሚመረምሩ፣ የወፍን ስም በየዘሩ የሚቈጥሩ፣ በቤታቸው የምታገለግለውን ልጅ ግን የአባትዋን ስም ጠይቀው የማያውቁ ሰዎች አይገኙምን? ይገኛሉ። ዕቃን ማወቅ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። ስለዚህ በአንድ ነገር ፊት በቆምህ ጊዜ፣ «ይህ ምንድር ነው?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ፣ «ይህን ወደዚህ ያመጣው ማን ነው?» ብለህ ጨምር። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው ዕውቀቱ መካን የሚሆን።

ምሳሌ እንዲሆንህ በአጥርህ ጥግ የቆመውን ባሕር ዛፍ ተመልከት። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ በዛ፤ በዙሪያው የነበረው ጫካም ለማገዶና ለቤት እየተቈረጠ አለቀ። የእንጨቱ ችግር እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። በዚያው ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አደገ፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያሳድግም እየተባለ ይከሰሳል፤ ክሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ዛሬ ባለችበት ስፍራ እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ዛፍ ነው።

እንጨቱ ግን ከእንጦጦ ተራራ በራሱ እግር አልወረደም። ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባን ምጣድ ያጋለው ማገዶ በሴቶች ጀርባ የወረደ ነው። ዛሬም በብዙ ከተሞቻችን ዳር ከቁመታቸው የሚረዝም ጭነት አዝለው፣ ጐንበስ ብለው የሚመጡ ሴቶች ታያለህ። ይኸውም ልታይ ከወደድህ ነው፤ መኪናህን ስትነዳ የጭነቱ ጫፍ እንዳይነካህ ብቻ ከሆነ የምታየው፣ አላየሃትም።

እዚህ ላይ ማየት ስል የሰውን ጓዳ መሰለል ማለቴ አይደለም። የጎረቤትን ምሶብ የሚቈጥር ዓይን ከሐሜት በቀር ሌላ ነገር አያመርትም። ደግሞም የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን፣ ልጁ የታመመበትን ሰው፣ «ቁም፤ ድንጋይ ተመልከት» አልለውም። የምናገረው ልቡ ሳያዝን አሰልቺ ሆኖበት፣ ሰፈሬ ባዶ ነው ለሚለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ያች እንጨት ተሸካሚ በመንገድ ላይ ስትደክም ሸክሟን ወደ መሬት ብታወርድ፣ ያለ ረዳት መልሳ ማንሣት ይቸግራታል። ስለዚህ በወገብዋ ልክ የሆነ የድንጋይ ካብ ትፈልጋለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሙን በእርሱ ላይ ታሳርፍና ቆማ ትተነፍሳለች። በመንገድ ዳር እንዲህ ያለ ካብ ካለ ከብዙ ሸክም የተነሣ የላይኛው ድንጋይ ለስልሶ ታገኘዋለህ። ምናልባት በሰፈርህም አንድ ይኖር ይሆናል፤ ምናልባትም የቆመው በአንተው አጥር ሥር ነው። አጥርህን ልታሳድስ ባሰብህ ጊዜ ግንበኛው ይህ አሮጌ ካብ ይፍረስ ወይስ ይቅር ብሎ ይጠይቅሃል።