ማንም በማያይበት ገደል አፋፍ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስጓዝ ዳባት ላይ ያገኘሁት አንድ ወጣት ሙስሊም፣ «ጋሼ፣ ከአባቴ ጠመንጃ ወርሻለሁ፤ ሚዳቋና ድኩላ ለማደን ምን ማወቅ አለብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። አያቴ አዳኝ ስለነበሩ ከእሳቸው የሰማሁትን አካፈልኩት። ነፋሱ ከእንስሳው በኩል ወደ አንተ ሲነፍስ ተጠጋ። ከኋላው ምን እንዳለ ሳታይ አትተኩስ፤ እረኛ ሊኖር ይችላል። ሊመሽ ሲልም አትተኩስ፤ ካቆሰልከው ዱካውን በጨለማ ታጣዋለህ። ወጣቱ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ዋናውን ነገር ሳልነግረው እንደቀረሁ የተሰማኝ ከተለያየን በኋላ ነው።

አደን በመሠረቱ ሐላል ነው። ይሁን እንጂ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 94 አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን በአደን እንደሚፈትን፣ በሩቅ ሆኖ የሚፈራው ማን እንደሆነም በዚሁ እንደሚለይ ተገልጿል። አንቀጹ በኢሕራም ላይ ያሉትን ቢመለከትም ትምህርቱ ለሁላችንም ነው። በገበያ ሚዛን አለ፤ የገዢም ዓይን አለ። አዳኝ ግን ብቻውን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰስ የምትቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐዲይ ኢብን ሓቲም ሲያስተምሩ፣ የተወጋው አደን ውኃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ የገደለው ቀስቱ ይሁን ውኃው ስለማይታወቅ እንዳይበላ አዘዋል። ዑለማዎችም ከከፍታ ወድቆ የሞተውን በዚሁ መዝነውታል። እንግዲህ ሰሷን መትተሃት ተንከባላ ብትሞት፣ የገደላት ጥይትህ ይሁን ገደሉ በምን ታውቃለህ? ሥጋውን ቤት ስታደርስ እናትህ ይህን አትጠይቅህም። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ እዚያ አትተኩስ።

«ሥጋው ሐላል ከሆነ የመንግሥት ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። የአገሪቱ ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና የጎረቤትን ሐቅ እንመልከት። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ800 በላይ የነበረው ቁጥሩ በ2024 ወደ 300 ገደማ ወርዷል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ወንድሞቻችን፣ የሚያርሱትና የሚያግጡት ደጋ ለዱር እንስሳቱ እንዲለቀቅ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው መምጣታቸው ቀላል አልነበረም። ከ1996 ጀምሮ በአደጋ መዝገብ ላይ የነበረው ፓርክ ከመዝገቡ የወጣው በዓመቱ በ2017 ነው። ታዲያ ተደብቆ ዋልያ የሚገድል ሰው የእነዚህን ሰዎች ድካም አብሮ አልገደለምን?

የተራበ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለተቸገረ ሸሪዓው ራሱ በር ከፍቷል። ነገር ግን ወደ ጫካ የሚወጣው ሁሉ ረሃብ ያስወጣው አይደለም። በአገራችን «ገዳይ» መባል ክብር ስለነበረ ለፉከራ የሚተኩስ ዛሬም አይጠፋም። እንስሳን ያለ ጥቅም፣ ለስም ብሎ መግደል ግን በእምነታችን የሚያስጠይቅ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ የአያቴን ምክር አትጣል። ከፈቃዱና ከቢስሚላሁ ጋር ግን አንድ ጥያቄ ጨምርበት፤ አባትህ አጠገብህ ቆመው ቢሆን ይህን ጥይት ትተኩሰው ነበር? አባትህ ባይኖሩም የሚያይህ አለ።

ወላሁ አዕለም።